ቧንቧውና ሞተሩ፦ የእግር ደም ቅዳ መጥበብና የመራመድ ኃይል ታሪክ

የእግር ደም ቅዳዎች ሲጠብቡ በመራመድ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት በሕክምና ታሪክ ውስጥ አስቀድሞ በግልጽ የተመዘገበው በሰው ላይ ሳይሆን በፈረስ ላይ ነው። ዣን ፍራንሷ ቡሌ የተባለ ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም በ1831 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያቀረበው ዘገባ እንዲህ ያለ ነበር። ፈረሱ ቆሞ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ጥቂት እንደ ሠገረ ግን የኋላ እግሮቹ ይከዱትና ያነክሳል፤ ሲያሳርፉት ይተወዋል፤ እንደገና ሲነዱት ደግሞ እንደገና ይጀምረዋል። በመጨረሻም አካሉ ተከፍቶ ሲመረመር ደም ወደ ኋላ እግሮች የሚያደርሱት የጭን ደም ቅዳዎች ተደፍነው ተገኙ። ቡሌ ይህን ሁኔታ «እየተቋረጠ የሚመላለስ ማነከስ» ሲል ሰየመው።

በሰው ላይ ተመሳሳይ ምልክት መኖሩን እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቤንጃሚን ብሮዲ በ1846 ገልጦ ነበር። ፈረሱንና ሰውን በአንድ ምክንያት ያገናኛቸው ግን፣ ኋላ በነርቭ በሽታዎች ጥናት ስሙ የገነነው ዣን ማርተን ሻርኮ ነው። ሻርኮ በ1858 የገለጠው በሽተኛ ቀደም ሲል በጥይት ቆስሎ የዳነ ሰው ነበር። ሰውዬው ጥቂት ከሄደ በኋላ እግሩ እየደነዘዘና እየከበደ ያስቆመዋል፤ ዐረፍ ሲል ተነሥቶ ይሄዳል። ሲሞት ወደዚያ እግር የሚወርደው ትልቅ ደም ቅዳ ተዘግቶ ተገኘ። ሻርኮ የእንስሳት ሐኪሞችን ጽሑፍ ያነብ ስለ ነበር የቡሌን ፈረስ አስታወሰ። የራስን ሙያ አጥር ተሻግሮ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ላይ በመጠኑ ይታያል።

ለፈረስ የወጣው ስም ለሰውም ጸንቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። እውነቱን ለመናገር ስሙ ለሰው እምብዛም አይስማማም፤ ብዙው በሽተኛ አያነክስምና። የሚያደርገው ነገር ቢኖር መቆም ነው። ባቱን እንደ ቁርጥማት ጨምድዶ ሲይዘው ሱቅ የሚመለከት ወይም ሰው የሚጠብቅ መስሎ ጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ ሕመሙ ሲለቀው ይቀጥላል። ከዓመት ወደ ዓመት በሁለት ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት እያጠረ ይሄዳል። የኋላ ኋላ ሰውየው ገበያውን፣ የዘመድ ቤቱንና የአምልኮ ስፍራውን አንድ በአንድ ይተዋል፤ መንገዱን ስለሚያሳጥር ደግሞ ሕመሙም አይሰማውም። «አሁን ተሽሎኛል» የሚለው ሰው በእርግጥ ተሽሎት ሳይሆን መሄዱን ትቶ ሊሆን ይችላል።

በሽታው ምን እንደ ሆነ በመሐንዲስ ቋንቋ መግለጽ አያስቸግርም። በደም ቅዳው የውስጥ ግድግዳ ላይ ስብና ጠንካራ ቅርፊት እየተጋገረ መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ይህንንም በተለይ የሚያፋጥኑት ትምባሆ፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የዕድሜ መግፋት ናቸው። የባት ጡንቻ በዕረፍት ጊዜ የሚያስፈልገው ደም ጥቂት ነው፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ ግን ፍላጎቱ ከዐሥር ዕጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የጠበበው መስመር ለዝቅተኛው ጭነት ይበቃል፤ ለከፍተኛው ጭነት ግን አይደርስም። ማታ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲያበራ መብራቱ እንደሚደክምበት የኤሌክትሪክ መስመር ያለ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህ አስተሳሰብ የሒሳብ መሠረት የተጣለው በቡሌና በሻርኮ መካከል ባሉት ዓመታት ሲሆን፣ ከመሠረት ጣዮቹ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ መሐንዲስ ነበሩ። ጀርመናዊው የውኃ ሥራ መሐንዲስ ጎትሂልፍ ሃገን በ1839 ውኃን በቀጫጭን የናስ ቧንቧዎች እያሳለፈ የሠራውን ምርመራ አሳተመ። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ፖይዘይ በበኩሉ ደም በጸጉር መሰል ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ለማወቅ በጠባብ የመስተዋት ቱቦዎች ሞክሮ በ1840 እና በ1841 ውጤቱን ገለጠ። ሁለቱም በየፊናቸው የደረሱበት ሕግ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ነው፤ ይኸውም በእኩል ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ከቧንቧው ራዲየስ አራተኛ ኃይል ጋር ይመጣጠናል የሚል ነው። ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱ ወደ ዐሥራ ስድስተኛው ይወርዳል ማለት ነው።

እርግጥ ሕጉ በደም ሥር ላይ እንዳለ አይሠራም። ደም እንደ ልብ ምት እየገፋ እየተመለሰ እንጂ በእርጋታ አይፈስስም፤ የደም ሥር ግድግዳም እንደ ናስ ግትር አይደለም፤ ከጠባቡ ቦታ ወዲያ የሚፈጠረው ሽክርክሪት ጉልበት ይበላል፤ ከዋናው መስመር ጎን ያሉት ትናንሽ ሥሮችም ቀስ በቀስ እየሰፉ እንደ ትይዩ ቧንቧ ያግዛሉ። በዚህም ምክንያት ዲያሜትሩ ወደ ግማሽ ገደማ እስኪጠብብ ድረስ በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ብዙም አይታወቀውም። የሆነ ሆኖ የአራተኛው ኃይል ሕግ በሐኪሞችም ዘንድ ጠንካራ እምነት ተከለ፦ እግሩ የደከመው ቧንቧው ስለ ጠበበ ነው፤ እንግዲያውስ ቧንቧውን መክፈት እግሩን ማዳን ነው የሚል።

በዚህ እምነት የተሠራው ሥራ እጅግ የሚደነቅ ነው። በ1929 በሊዝቦን ሬይናልዶ ዶስ ሳንቶስ ዋናውን ደም ቅዳ በመርፌ ወግቶ በኤክስ ሬይ የሚታይ ፈሳሽ በመጨመር የደፈነውን ቦታ ለዓይን አሳየ። ልጁ ዦዋው ሲድ ዶስ ሳንቶስ ደግሞ በ1946 የተዘጋውን ደም ቅዳ ከፍቶ የተጋገረውን ቅርፊት ከውስጡ ፍቆ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ዣን ኩንሊን በፓሪስ ከበሽተኛው ከራሱ እግር የወሰደውን ደም መልስ ከተዘጋው ቦታ በላይና በታች ሰፍቶ ለደሙ ተለዋጭ መንገድ አበጀለት። መሐንዲሶች የተበላሸ የቧንቧ መስመር ሳይቆፍሩ በጎኑ አዲስ መስመር እንደሚዘረጉ ያለ መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የቧንቧ ሠራተኛ መንፈስ የተንጸባረቀበት ግን በኦሪገን የፖርትላንድ ከተማ የራጅ ሐኪም የነበረው የቻርልስ ዶተር ሥራ ነው። ዶተር ሥራውን ከቧንቧ ጠጋኝ ሥራ ጋር ማነጻጸር ይወድ ነበር፤ ይህም በቀዶ ሐኪሞች ዘንድ ብዙ ወዳጅ አላተረፈለትም። ጃንዋሪ 16 ቀን 1964 ወደ እርሱ የመጡት የ82 ዓመት ባልቴት የእግራቸው ጣቶች ጠቁረው መበስበስ ጀምረው ነበር፤ ሐኪሞች እግራቸው እንዲቆረጥ ቢመክሯቸውም አሻፈረኝ ብለዋል። ዶተር ከረዳቱ ከሜልቪን ጀድኪንስ ጋር ሆኖ ጭናቸውን በመርፌ ወግቶ አንድ ቀጭን ሽቦ በጠበበው ደም ቅዳ ውስጥ አሳለፈ፤ በሽቦውም ላይ እያከታተለ ወፈር ወፈር ያሉ ቱቦዎችን በማስገባት መተላለፊያውን ገፍቶ አሰፋው። ቀዝቅዞ የነበረው እግር ሞቀ። ባልቴቷ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ በሁለት እግራቸው ሄደዋል። በ1974 ደግሞ አንድሬአስ ግሩንትዚግ በዙሪክ በቱቦው ጫፍ ላይ በግፊት የሚነፋ ጠንካራ ፊኛ ገጥሞ ያንኑ የእግር ደም ቅዳ ከፈተ፤ ዛሬ በልብ ሕክምና የሚታወቀው የፊኛ ጥበብ መጀመሪያ የተሞከረው በእግር ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ሥራ ማቃለል አይገባም። እግሩ በዕረፍት ላይ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ የሚያመው፣ ወይም ቁስሉ አልድን ያለው ወይም ጣቶቹ የጠቆሩበት በሽተኛ ደም በፍጥነት ካልደረሰለት እግሩን፣ አንዳንዴም ነፍሱን ያጣል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከቧንቧው መከፈት በፊት የሚቀድም ነገር የለም፤ «ተራመድ» ብሎ ማሰናበትም ወንጀል ይሆናል። ጥያቄው የሚነሣው በጣም በሚበዙት በሌሎቹ ላይ ነው፤ እግራቸው ለመቆረጥ ባልተቃረበ፣ ነገር ግን ሲራመዱ በሚያማቸው ወይም ሳያማቸው እየደከሙ በሚሄዱት ላይ።

ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ምክር የሰጠ ሐኪም ከዶተር በፊት ስድሳ ስድስት ዓመት ቀድሞ ነበር። የሃይደልበርጉ የነርቭ ሐኪም ቪልሄልም ኤርብ በ1898 ስለዚሁ በሽታ ሲጽፍ ትምባሆ ያለበትን በደል ከማመልከቱም በላይ፣ በሽተኞቹ በመጠኑ እንዲራመዱ መክሯል። ምክሩ ለብዙ ጊዜ ሰሚ አጣ። ነገሩ አያስገርምም። ሕመም የአደጋ ምልክት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚያመውን እግር አሳርፍ ማለት ከብልሃት የተቆጠረ ምክር ነው፤ ሐኪሙም፣ ቤተሰቡም፣ ጎረቤቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ኤርብ ደግሞ ያየውን ከመናገር በቀር በመለኪያ የሚያስረዳበት መሣሪያ አልነበረውም።

ስለ መሣሪያው አንድ ነገር ጣልቃ ማስገባት ያስፈልጋል። ዛሬ በሆስፒታልና በስፖርት ቤት የሚታየው ትሬድሚል ስሙን የወረሰው ከእስር ቤት ነው። በ1818 ገደማ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ኪዩቢት፣ እስረኞች ያለ ማቋረጥ እየረገጡ የሚያሽከረክሩት ደረጃ ያለው ትልቅ መንኰራኵር ሠራ። ኪዩቢት ተራ ሰው አልነበረም፤ ኋላ የእንግሊዝ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። አንዳንዱ መንኰራኵር እህል ይፈጭ ወይም ውኃ ይስብ የነበረ ሲሆን፣ ሌላው ነፋስ ከመግፋት በቀር ምንም ሥራ አልነበረውም፤ እስረኛው የሚደክመው እንዲደክም ብቻ ነው። ይህን ቅጣት የእንግሊዝ የወህኒ ቤቶች ሕግ ያስቀረው በ1898፣ ማለት ኤርብ መራመድን እንደ መድኃኒት በመከረበት ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው እንጂ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ሆኖም ሲታሰብ ደስ የሚያሰኝ አጋጣሚ ነው።

የዛሬው ትሬድሚል በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ቀበቶ ሲሆን፣ በሕክምና ሥራ በሰፊው የተለመደው የሲያትሉ የልብ ሐኪም ሮበርት ብሩስ በ1963 የፈተና ሥርዓቱን ካሳተመ በኋላ ነው። ለእግር ደም ቅዳ በሽተኞች ለብዙ ጊዜ ያገለገለው ፈተና በሰዓት 3.2 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና 12 በመቶ አቀበት ላይ በሽተኛው ሕመም የጀመረውንና አልችልም ብሎ ያቆመበትን ጊዜ መመዝገብ ነበር። በ1991 አንድሩ ጋርድነርና ባልደረቦቹ ፍጥነቱን እንዳለ ትተው አቀበቱን ከዜሮ ጀምረው በየሁለት ደቂቃው በ2 በመቶ የሚያሳድጉበትን ሥርዓት አቀረቡ፤ ይኸኛው ደካማውንም ብርቱውንም በአንድ ሚዛን ለማስተያየት ይመቻል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው «ከበፊቱ ይሻለኛል» ሲል የሚለካው ተስፋው ይሁን እግሩ የሚታወቀው ጭነቱ ቋሚ ሲሆን ብቻ ነው።

የኤርብ ምክር በእንዲህ ያለ ልኬት የተፈተነው በዴንማርክ ነው። ላርሰንና ላሰን የተባሉት ሁለት ተመራማሪዎች በ1966 ባሳተሙት ጥናት በሽተኞቻቸውን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ በየቀኑ በእግር እንዲሄዱ፣ ግማሾቹ መድኃኒትነት የሌለው ክኒን እንዲወስዱ አደረጉ። በሽተኞቹ በጠቅላላው 14 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ነበር፤ የተራመዱት ከወራት በኋላ ቀድሞ ከሚሄዱት ብዙ ርቀው መሄድ ቻሉ፤ ክኒን የወሰዱት እንደ ነበሩ ቀሩ። ከኤርብ እስከ እነርሱ 68 ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ተመሳሳይ ጥናቶች ተከታተሉ፤ በ1995 ጋርድነርና ፖልማን የተበታተኑትን ጥናቶች አሰባስበው ባቀረቡት ግምገማ፣ የበለጠ ውጤት የሚገኘው በሽተኛው ሕመሙ እጅግ እስኪበረታ ድረስ እየሄደ፣ እያረፈ እንደገና ሲሄድና ይህንንም ከስድስት ወር ላላነሰ ጊዜ ሲያዘወትር መሆኑን አሳዩ።

ከዚህ በኋላ ሐኪሞችን ያስቸገረ እንቆቅልሽ መጣ። በቁርጭምጭሚት ላይ የሚለካው የደም ግፊት በክንድ ላይ ለሚለካው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የቧንቧውን ጥበት ያመለክታል፤ ጤነኛ ሰው 1 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ሲኖረው፣ 0.90 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቁጥር የበሽታው ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ይህን ልኬት በ1950 ትራቪስ ዊንዞር ያስጀመረው ሲሆን፣ በ1960ዎቹ የዶፕለር ድምፅ መሣሪያ ሲመጣ ከግፊት መለኪያው ጨርቅና ከአንዲት በእጅ ከምትያዝ መሣሪያ በቀር ሌላ የማያስፈልገው ቀላል ሥራ ሆነ። እንግዲህ ሲራመዱ ከርመው ርቀታቸውን ዕጥፍ ያደረጉ በሽተኞች በዚህ ልኬት ሲመረመሩ ቁጥራቸው ከቀድሞው ፈቀቅ አላለም። ቧንቧው እንደ ጠበበ ነው፤ ሰውየው ግን ይሄዳል። የዚህም ተቃራኒ ታየ፤ ቧንቧቸው በሚገባ ከተከፈተላቸው መካከል የተጠበቀውን ያህል የማይራመዱ ነበሩ። ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎችም አንዱ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሌላው መንገድ ማቋረጥ ያቅተዋል።

መሐንዲስ እንዲህ ያለ ውጤት ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። የነዳጅ መስመሩን ፈትሸን ጨርሰናል፤ ሞተሩንስ ማን ፈተሸው? በሕክምናው ዓለም ሞተሩ፣ ማለት ጡንቻው፣ ለረጅም ጊዜ ደም የሚቀበል ጎተራ ሆኖ ከመታየት በቀር ብዙ የመረመረው አልነበረም።

ምርመራው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዴንቨር፣ ኮሎራዶ ተጠናከረ። የዊልያም ሃያትና የጁዲት ሬገንስታይነር የምርምር ቡድን ከበሽተኞች ባት ላይ ቁንጽል ሥጋ በመርፌ ወስዶ ሲመረምር፣ የጡንቻው ጭረቶች የነርቭ ግንኙነታቸውን እያጡ መሆናቸውን፣ በዚያ እግር ላይ የጡንቻው ኃይልም መቀነሱን በ1992 እና በ1993 አሳወቀ። በኦማሃ፣ ነብራስካ፣ ኢራክሊስ ፒፒኖስና ባልደረቦቹ ከ2000 ወዲህ ባወጧቸው ጽሑፎች ደግሞ ኦክሲጅንን ወደ ጉልበት የሚለውጡት የሕዋሱ ምድጃዎች፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት፣ በእነዚህ በሽተኞች ጡንቻ ውስጥ በአግባቡ እንደማይሠሩ ገለጡ። ደም በእንቅስቃሴ ጊዜ እያጠረ በዕረፍት ጊዜ ሲመለስ፣ ይህ መመላለስ ራሱ ጎጂ ኬሚካሎችን እንደሚፈጥርና ምድጃውን እንደሚያበላሽ ይታመናል። ስለዚህ የደም እጥረት ጡንቻውን ያስርበዋል ብቻ ሳይሆን ውሎ አድሮ ይለውጠዋል። ነዳጁ ቢመለስ እንኳ የተበላሸው ሞተር ወዲያው አይነሣም።

በቺካጎ የሜሪ ማክደርሞት ጥናቶች የተመለከቱት ከሕዋሱ ይልቅ ሰውየውን ነው። እኒህ ሐኪም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ በሽተኞችን ለዓመታት ሲከታተሉ፣ የጉልበትና የዳሌ ጡንቻቸውን ኃይል፣ በስድስት ደቂቃ የሚሄዱትን ርቀት፣ እጃቸውን ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ፣ አራት ሜትር የሚሄዱበትን ፍጥነትና ሚዛን ጠብቀው መቆማቸውን እየለኩ መዘገቡ። የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ዝቅ ባለ መጠን የእግሩ ኃይል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የባታቸው ራጅ በኮምፒዩተር ሲነሣ ጡንቻው ቀጥኖ፣ በጭረቶቹ መካከል ስብ ገብቶበት ታየ። ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚስበው ግን ሌላ ነው። «እግሬን አያመኝም» ካሉት መካከል ብዙዎቹ በሽታው ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ ደካሞች ነበሩ። ሕመሙን ያስወገዱት በዝግታ በመሄድ ወይም ባለመሄድ ነው፤ ጡንቻው ግን ሳያሰማ ይመነምን ነበር። ለመቶ ዓመት ያህል የበሽታው መታወቂያ ተደርጎ የተወሰደው የቡሌ ፈረስ ምልክት፣ ከበሽተኞቹ የሚበዙትን ሳያሳይ የሚያልፍ ወንፊት ሆኖ ተገኘ።

ድካሙ ከጡንቻ ከሆነ ጡንቻን በክብደት ማጠንከር መፍትሔው አይሆንምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተፈትኗልም። በ1994 የዴንቨሩ ቡድን መራመድንና ክብደት ማንሣትን ሲያወዳድር ለመራመድ የሚበልጠው መራመድ ሆኖ አገኘው። ማክደርሞትና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ሰፋ ያለ ጥናት 156 በሽተኞችን በሦስት ከፈሉ፤ አንዱ ክፍል በትሬድሚል ሄደ፤ አንዱ የእግር ጡንቻውን በክብደት አሠራ፤ አንዱ ትምህርት ብቻ ተሰጠው። ከስድስት ወር በኋላ በትሬድሚል የሄዱት በስድስት ደቂቃ የሚሸፍኑት ርቀት ትምህርት ብቻ ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ36 ሜትር ያህል በለጠ። ክብደት ያነሡት በዚህ ፈተና ጉልህ ብልጫ አላሳዩም፤ ይሁን እንጂ በትሬድሚል ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ጨመረ፤ ደረጃ የመውጣት ችሎታቸውም ተሻለ። አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱ ሥራዎች የሚተካኩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ መሆናቸውን መቀበል የሚሻል ይመስላል፤ ጉልበት ከወንበር ያስነሣል፣ መንገዱን የሚያስጨርሰው ግን መንገዱ ራሱ ነው።

ቧንቧውንና ሞተሩን ፊት ለፊት ያገጣጠመው ጥናት የወጣው በ2012 ነው። ከሆድ ወደ እግር በሚወርደው ትልቅ ደም ቅዳ ላይ ጥበት የነበረባቸው 111 አሜሪካውያን በዕጣ ተከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ መድኃኒት ብቻ፣ አንዳንዶቹ በባለሙያ ፊት የሚደረግ የትሬድሚል ልምምድ፣ ሌሎቹ ደም ቅዳውን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ወንፊት፣ ስቴንት የሚሉት፣ ተሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ በትሬድሚል የመቆያ ጊዜያቸው ሲለካ፣ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት በ1.2 ደቂቃ፣ ስቴንት የገባላቸው በ3.7 ደቂቃ፣ የተለማመዱት በ5.8 ደቂቃ ጨምረዋል። ቧንቧው ያልተከፈተለት ሰው ቧንቧው የተከፈተለትን ቀደመው ማለት ነው። ሆኖም ለፍርድ ከመቸኮል በፊት የዚያኑ ጥናት ሌላ ገጽ ማየት ያስፈልጋል፤ ስለ ኑሯቸው ሲጠየቁ ይበልጥ ደስተኞች የነበሩት ስቴንት የገባላቸው ናቸው። የትሬድሚሉ ሰዓትና የሰውየው ስሜት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ መለኪያ እንደ ሆነ ባለሙያዎቹ አሁንም ይከራከራሉ።

በ2017 የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን በባለሙያ ፊት ለሚደረገው ልምምድ ገንዘብ ለመክፈል ወሰነ፤ መጠኑም በ12 ሳምንት ውስጥ እስከ 36 ጊዜ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ይህ ከኤርብ ምክር 119 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ችግሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ብቅ አለ፤ እግሩ የማይሄድለት ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ሆስፒታል መመላለስ አለበት። ስለዚህ ጥናቱ ወደ ቤትና ወደ ሰፈር መንገድ ዞረ። በ2013 በቺካጎ በታተመው ጥናት 194 በሽተኞች ግማሾቹ በሳምንት አንድ ቀን በቡድን እየተሰበሰቡ እየተመካከሩ፣ በቀሩት ቀኖች በየሰፈራቸው እንዲራመዱ ሲደረግ፣ በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት ከሌሎቹ በ53 ሜትር በለጠ። በዚህ ውስጥ ሞተርም፣ ቀበቶም፣ ኤሌክትሪክም የለም፤ ያለው ሜዳና ጓደኛ ነው። ውድ መሣሪያ ማስገባት ለሚያስቸግራቸው እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ከስቴንቱ ታሪክ ይልቅ ይህኛው ታሪክ ሊቀርብ ይገባል፤ የቁርጭምጭሚት ግፊት መለኪያውም ቢሆን በአንድ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ የቆየ ጥርጣሬ ተፈታ። ሕመሙ እስኪመጣ መሄድ ግዴታ ነውን ወይስ ሳያምም ዝግ ብሎ መሄድም ይበቃል? ብዙ በሽተኛ ልምምዱን የሚተወው ሕመሙን ስለሚጠላ በመሆኑ፣ ዝግታው ቢሠራ ለሁሉም ግልግል ነበር። በ2021 የታተመው ጥናት 305 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ሕመም እስኪመጣ ድረስ በርትተው በቤታቸው የተራመዱት በስድስት ደቂቃ የሚሄዱት ርቀት በ34.5 ሜትር ሲጨምር፣ ሳያማቸው ዝግ ብለው የተራመዱት ግን በ6.4 ሜትር ቀነሰ። የተራመዱት ቀን ብዛት ሳይሆን የፈተኑት እግር ነው ለውጡን ያመጣው። በዚህ ውጤት የተደሰተ በሽተኛ እምብዛም የሚኖር አይመስልም፤ ነገር ግን ሐኪሙ «ሲያምህ አርፍ» ከማለት ይልቅ «እስኪያምህ ሂድና አርፍ፤ ከዚያም ተነሥተህ እንደገና ሂድ» እንዲል በቂ ምክንያት ሰጥቶታል። ሁለቱ ምክሮች በጥቂት ቃላት ቢለያዩም በእግር ላይ የሚያመጡት ልዩነት ከአንድ ዓመት በኋላ 41 ሜትር ያህል ነበር።

ወደ ሞተሩ የሚደረገው ፍለጋ አሁን ወደ መድኃኒትም አምርቷል። በ2025 ውጤቱ በታተመውና 792 የስኳር በሽተኞችን በያዘው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ለስኳር በሽታና ለክብደት መቀነሻ የሚሰጠው ሴማግሉታይድ የተባለው በመርፌ የሚወሰድ መድኃኒት ለአንድ ዓመት ሲሰጥ፣ በሽተኞቹ የሚራመዱት ርቀት ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸር በ13 በመቶ በልጧል። መድኃኒቱ ይህን ያደረገው ቧንቧውን አስፍቶ ይሁን፣ ጡንቻውን አጽንቶ ወይም የሚሸከመውን ክብደት ቀንሶ ገና በክርክር ላይ ነው። ርቀቱ የተለካው አቀበቱ በማይለወጥ ትሬድሚል ላይ ነው፤ በሰዓት 3.2 ኪሎ ሜትር፣ በ12 በመቶ አቀበት።